ለሙሽራ የሚሰጥ «ነጻ» ስጦታ፦ ከጥድ ሳጥን እስከ ጫጉላ ሽርሽር

በሠርግ ወራት ወደ ማኅበራችን የሒሳብ ጠረጴዛ የሚመጡ እጮኛሞችና እናቶቻቸው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። አንደኛው ከቁጠባቸው ገንዘብ ለማውጣት የሚሞላው ቅጽ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የፈረሙት የሽያጭ ውል ነው። የመጀመሪያውን ለመሙላት ሁለተኛውን ማንበብ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሴቶች የአባላት ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ሳናይ ማለፍ አይሆንልንም። ያየናቸው ውሎች እርስ በርሳቸው በጣም ስለተመሳሰሉብን፣ ይህ አሠራር ከየት መጣ ብለን ወደ ኋላ ሄደን ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነውን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እነሆ እንላለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ላልገጠማችሁ በአጭሩ እንዲህ ነው። እጮኛሞች ብዙዎቻችን ብራይዳል ሾው ወደምንለው የሙሽሮች ትርኢት ይሄዳሉ። ኬክ ይቀምሳሉ፣ ቬሎ ያያሉ። በየጠረጴዛው ላይ የዕጣ ሳጥን አለ፤ ስም፣ ስልክና የሠርጉ ቀን ተሞልቶ ካርዱ ይከተታል። ከሳምንት በኋላ ስልክ ይደወላል። «እንኳን ደስ አላችሁ! የጫጉላ ሽርሽር ደርሷችኋል» ይባላሉ። ሽልማቱን ለመውሰድ ግን ሁለታችሁም አንድ ላይ፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ሆቴል መጥታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ገለጻ ማዳመጥ አለባችሁ። ገለጻው ስለ ድስት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ታይምሼር ስለሚባለው፣ የአንድ መዝናኛ ቤት የሳምንት ድርሻ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ቢመጣ አይፈቀድም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ «ከእጮኛዬ ጋር ልማከር» ብሎ መውጫ መንገድ እንዳይኖር ነው።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው ብዙዎቻችን በምንኖርባት በቨርጂኒያ ነው። ከሊንችበርግ ወደ ደቡብ ሲኬድ አልታቪስታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1912 ጆን ሌን የተባለ ሰው እዚያ የነበረ አንድ የከሰረ የሳጥን ፋብሪካ ገዛና ልጁ ኤድ የጥድ ሳጥን እንዲሠራበት ሰጠው። እንጨቱ አሜሪካኖች ቀይ ሴዳር የሚሉት ነው። በዘሩ ግን ከአገራችን ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሽታውም ይመሳሰላል። ብል ስለማይደፍረው ለልብስ ማስቀመጫ ይፈለግ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለሠራዊቱ የጥይት ሳጥን ሠራ፤ በብዛትና በፍጥነት ማምረትም ለመደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካው ብዙ ሳጥን የማምረት አቅም ይዞ ቀረ። አሁን የሚያስፈልገው ብዙ ገዢ ነበር።

ገዢዎቹ ልጃገረዶች ሆኑ። በዚያን ጊዜ አሜሪካዊት ልጃገረድ ከመታጨቷ በፊት ጀምሮ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስና ፎጣ እያጠራቀመች የምታስቀምጥበት «የተስፋ ሳጥን» የሚሉት ነበራት። የእኛም እናቶች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ ጥሎሽ በሻንጣ መምጣት ከመጀመሩ በፊት የሙሽራ ልብስ በሳጥን ነበር የሚቀመጠው። የሌን ኩባንያ ያመጣው አዲስ ነገር ማስታወቂያው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚጨርሱ ልጃገረዶች ከትልቁ ሳጥን ጋር የሚመሳሰል፣ ቁልፍ ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ የጥድ ሳጥን በነጻ ይሰጥ ጀመር። ልጅቷ ካርድ ይደርሳታል፤ ካርዱን ይዛ በከተማዋ ወዳለው የቤት ዕቃ መደብር ሄዳ ሳጥኗን ትቀበላለች። ክዳኑን ስትከፍት በውስጡ የመደብሩ ስም ታትሞ ታገኘዋለች። ይህ ስጦታ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጠለ። በ1940ዎቹ እንኳ የፊልም ኮከቧ ሸርሊ ቴምፕል ለትልቁ ሳጥን ማስታወቂያ ቀርባለች።

ይህን ማጭበርበር አንለውም። ልጅቷ የተባለላትን ሳጥን በእጇ ይዛ ወጥታለች፤ ሳጥኑም ጥሩ ሳጥን ነበር። ዛሬም በየሰፈሩ በሚደረገው የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ሽታው ሳይጠፋ ይገኛል። (ትልቁን የገዛ ግን ልብ ይበል። ከ1987 በፊት የተሠሩት ክዳናቸው ሲዘጋ ራሱ ይቆለፍ ስለነበር ሕፃናት ውስጡ ገብተው ታፍነው ሞተዋል፤ በ1996 ለ12 ሚሊዮን ያህል ሳጥኖች ቁልፋቸው እንዲቀየር ጥሪ ተደርጓል። እናታችሁ ቤት ካለ ቁልፉን እዩት።) ሆኖም በሒሳብ ዓይን ስናየው ትንሹ ሳጥን የመደብሩ የማስታወቂያ ወጪ ነበር። መደብሩ በምትኩ ያገኘው የልጅቷን ስም፣ አድራሻና ትምህርት የምትጨርስበትን ዓመት ነው፤ በዚያ ላይ በእግሯ ወደ መደብሩ መምጣቷን። ከእናቷ ጋር ከመጣች ደግሞ ከፋዩዋም አብራ መጣች ማለት ነው። ሽልማቱን ለመውሰድ መምጣት አለብሽ የሚለው ነገር ያን ጊዜም ነበር።

በዚያው ዘመን ሌሎችም የሠርግ ቀን የታወቀ ደንበኛ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ተረዱ። በ1924 በቺካጎ የሚገኘው ማርሻል ፊልድ መደብር ሙሽሮች የሚፈልጉትን ስጦታ የሚያስመዘግቡበትን መዝገብ ከፈተ። በ1934 መገባደጃ ላይ ለምታገባ ልጃገረድ የታሰበ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚታደል አንድ የማስታወቂያ መጽሔት ወጣ፤ በኋላ ብራይድስ ተብሎ የታወቀው ነው። በ1938 ደግሞ የአልማዙ ኩባንያ ዴ ቢርስ ኤን ደብሊው አየር የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ ስለ አልማዝ የሚናገሩ ሰዎችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየላከ ልጃገረዶችን አስተማረ። አልማዝን ከዘላለም ጋር ያጣመረውን ታዋቂ መፈክር በ1947 የጻፈችው ፍራንሲስ ጌሬቲ የተባለች የዚያ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ እሷ ራሷ ዕድሜ ልኳን አላገባችም።

ለምን ሙሽሮች ተመረጡ? ሒሳብ ለያዘ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። እጮኛሞች ከዚህ በፊት ገዝተው የማያውቁትን ብዙ ዕቃ ባንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ ስለዚህ የለመዱት ዋጋ የላቸውም። ቀኑ የተቆረጠ ስለሆነ ቆይቶ ማወዳደር አይችሉም። ገንዘቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ የወላጅ፣ የዕቁብና የወዳጅ ገንዘብ ነው። ሻጩ ከአንድ ካርድ ላይ ይህን ሁሉ ያነባል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድስት ሻጮች መጡ። ከቢሮ ሥራ ገብተው ደመወዝ የሚያገኙ፣ ገና ያላገቡ ወጣት ሴቶችን በሚኖሩበት ቤት እየሄዱ ያነጋግሩ ነበር። ድስት፣ ሸክላ ሳህንና ብርጭቆ በአንድ ላይ «ለወደፊት ትዳርሽ» ተብሎ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይሸጥ ነበር። ሻጩ እዚያው ምግብ ሠርቶ ያበላል፤ ላዳመጠች ሁሉ ትንሽ ስጦታ ይተዋል። ዕቃው መጥፎ አልነበረም። ዋጋው ግን ተበትኖ የሚነገረው በሳምንት ይህን ያህል ሳንቲም እየተባለ ነበር። ጠቅላላው ስንት እንደሆነ የምታውቀው ደምራ ያየች ብቻ ናት።

ሕጉ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ቅሬታው ከበዛ በኋላ ነው። በ1968 ብድር ሰጪ ሁሉ ዓመታዊ የወለድ መጠኑንና ጠቅላላ ወጪውን በግልጽ እንዲጽፍ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ወጣ። በ1971 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ነጻ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ እንዴት መነገር እንዳለበት መመሪያ አወጣ። አንድ ቃል ብቻውን የመንግሥት መመሪያ ሲወጣለት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለው። በ1972 ደግሞ ኮሚሽኑ ከ1974 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውን የሦስት ቀን ደንብ አጸደቀ። በቤትሽ፣ ወይም የሻጩ ቋሚ ሱቅ ባልሆነ ቦታ የፈረምሽውን ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችያለሽ የሚል ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ሰው ሻጩ ፊቱ ተቀምጦ እያለ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ሻጩ ከሄደ በኋላ ግን ማሰብ ይችላል።

እኛ ዘንድ ይህ ክብደት በእጥፍ ይጨምራል ብለን እናምናለን። የተጋበዘ ሰው በልቶ ዝም ብሎ አይነሳም። ስጦታ የተቀበለ ሰው ውለታ አለበት። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክረን አልሆነልንም። ሻጮቹ ግን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን በደንብ ያውቁታል።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ታይምሼር ሲስፋፋ ሽልማቱ ከዕቃ ወደ ጉዞ ተቀየረ። ጉዞ ለሻጭ የሚመች ስጦታ ነው፤ ሰጪው በወረቀት ይሰጠዋል፣ ብዙው ተቀባይም ሳይጠቀምበት ጊዜው ያልፋል። ስልክ እየደወሉ «አሸንፋችኋል» ማለት እየበዛ ሲሄድ ኮሚሽኑ በ1995 የስልክ ሽያጭ ደንብ አወጣ። ሽልማት አለ ብሎ የሚደውል ሁሉ ለማሸነፍ ምንም መግዛትም ሆነ መክፈል እንደማያስፈልግ ሊናገር ይገባል፤ የማሸነፍ ዕድሉ ከስንት አንድ እንደሆነም እንዲሁ። በ2003 አትደውሉብኝ የሚባለው አገር አቀፍ መዝገብ ተከፈተ። እዚህ ላይ ግን የዕጣ ካርዱ ወደ ታሪኩ ይመለሳል። በመዝገቡ የገባ ስልክ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ስለ ዕቃው ጠይቆ ከሆነ ኩባንያው እስከ ሦስት ወር ሊደውል ይችላል፤ ከገዛ ደግሞ እስከ 18 ወር። በጽሑፍ ፈቃድ የሰጠ ሰውም ይደወልለታል። ከካርዱ ግርጌ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ያቺ ፈቃድ ናት።

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዷ ያመጣችው ውል ይህ ሁሉ ታሪክ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ነበር። ልጅቷ በወር 50 ዶላር ትቆጥባለች። የመጣችው 300 ዶላር ለማውጣት ነው፤ የስድስት ወር ቁጠባዋን ማለት ነው። ቅዳሜ ከእጮኛዋ ጋር ሆቴል ሄደው 3,300 ዶላር የሚያወጣ የድስት ስብስብ ገዝተዋል። 300ው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ከእህቷ ተበድራ ከፍላለች። የቀረው 3,000 በዓመት 18 በመቶ ወለድ በ36 ወር የሚከፈል ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው። በወር 108 ዶላር ከ46 ሳንቲም ይደርሳል፤ በሦስት ዓመት 3,904 ዶላር ከ56 ሳንቲም። ቅድሚያው ሲደመር ድስቶቹ 4,204 ዶላር ከ56 ሳንቲም ፈጁ ማለት ነው። የወር ክፍያው ከወር ቁጠባዋ ከእጥፍ በላይ ነው። ቁጠባውን ልታቆም ነበር።

ሽልማቱስ? በኦርላንዶ ፍሎሪዳ የሦስት ሌሊት ማረፊያ ቫውቸር ነው። አውሮፕላን አይጨምርም። ለማስያዝ 149 ዶላር «የታክስና የአገልግሎት» ክፍያ አስቀድሞ መላክ ያስፈልጋል። ከ60 ቀን በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በበዓላት ሰሞን አይሠራም። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ባልና ሚስት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሌላ ገለጻ መከታተል አለባቸው። ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ሻጭ የምታሻግር ትኬት ነበረች።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን ገንዘቡ አልነበረም። ገለጻውን ያደረገው ሰው የአገራችን ልጅ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአማርኛ «እህቴ» እያለ አነጋግሯቸዋል፤ ከየት አካባቢ እንደሆኑ ጠይቋል፣ እናቷን አመስግኗል። ውሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነው። «ወንድሜን እንዴት አላምነውም ልበለው?» አለችን። በሰውየው ላይ አንፈርድም፤ እሱም የሚኖረው በሽያጭ ድርሻ ይሆናል። ሆኖም ያ የሦስት ቀን ደንብ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። ገለጻው በዋናነት በተደረገበት ቋንቋ ውሉ ወይም ደረሰኙ መጻፍ አለበት፤ የመሰረዣው ቅጽም እንዲሁ በሁለት ቅጂ መሰጠት አለበት። ሻጩ የመሰረዝ መብት እንዳለም በቃል መናገር ነበረበት። ከሦስቱ አንዱም አልተደረገም። በአማርኛ የሚሸጥ ሰው በአማርኛ ውል እንዲሰጥ ሕግ የሚያስገድድ መሆኑን ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሰሙት ያን ቀን ነው።

የመጣችው ማክሰኞ ማታ ነበር። ሦስተኛው የሥራ ቀን ረቡዕ ስለሆነ አንድ ቀን ቀርቷታል። የስረዛውን ደብዳቤ አራት መስመር አድርገን ጻፍንላት፤ ስም፣ የውሉ ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና «ውሉን ሰርዣለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ረቡዕ ጠዋት በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላከች፤ ቀኑ የታተመበትን ደረሰኝ ግልባጭ ፋይላችን ውስጥ አስቀምጠናል። ሻጩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ገንዘቡን መመለስ ነበረበት፤ በዘጠነኛው ቀን 300ው ተመለሰ። የእህቷን ዕዳ ከፈለች፤ ከቁጠባዋ ምንም ሳታወጣ ቀረች።

ቀኑን መቁጠር ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የፈረማችሁበት ቀን አይቆጠርም። ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆኖ ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሐሙስ የፈረመ ሰው ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ አለው፤ ሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። የእኛ ገናና ጥምቀት የፌዴራል በዓል ስላልሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሳለፋችሁት ቀንም ይቆጠርባችኋል። ደብዳቤው ሻጩ ዘንድ ሳይሆን ፖስታ ቤት የሚገባበት ቀን ነው የሚታየው።

ደንቡ የማይደርስበት ቦታም አለ። ከሻጩ ቋሚ ሱቅ የተገዛ ዕቃን፣ በስልክ ወይም በፖስታ ብቻ ያለቀ ሽያጭን፣ ኢንሹራንስንና ቤት ወይም መሬትን አይመለከትም። ከ2015 ወዲህ በቤት ውስጥ ለተደረገ ሽያጭ ከ25 ዶላር፣ በሆቴልና በመሳሰለው ቦታ ለተደረገ ደግሞ ከ130 ዶላር በታች ከሆነ አይሠራም። የአዳራሽ ኪራይ፣ የፎቶና የቪዲዮ ውል በባለሙያው ስቱዲዮ ከተፈረመ ሦስት ቀን የለውም፤ ሙሽሮች ብዙ ጊዜ ያለ ይመስላቸዋል። ታይምሼር በየስቴቱ የራሱ ሕግ አለው፤ ለምሳሌ በፍሎሪዳ የመሰረዣው ጊዜ 10 ቀን ነው። እዚያ ቀኑ በካላንደር ስለሚቆጠር እሑድም ይገባበታል።

ስለ ታክስ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ በሙያችን ስለሆነ በደስታ እንመልሳለን። በዚህ አገር ሽልማት ገቢ ነው፤ በገበያ ዋጋው ተገምቶ ታክስ ይከፈልበታል። ነገር ግን ዓመታዊ የታክስ ቅጽ ስትሞሉ ለመንግሥት የምትከፍሉት ነው እንጂ ሽልማቱ እንዲላክላችሁ ለሸላሚው የምትልኩት አይደለም። «ታክሱን ቀድማችሁ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ፣ ሽልማቱ ይቅርና ደብዳቤውን ይዛችሁልን ኑ።

ደጋፊዎቻችን አንዳንዴ የምትሰጡት ገንዘብ ለምን ውል ለማንበብ ይውላል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ባለፈው ዓመት የመጡልን ውሎች አብዛኞቹ ቀናቸው አልፎ ነው የመጡት። ለእነዚያ የምናደርገው ቅሬታ መጻፍና ከሻጩ ጋር መደራደር ነው፤ ረጅም ሥራ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም። በዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ቅሬታ ስታቀርቡ ጠይቁ፣ ልጆቻችሁን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።

በዚህ የሠርግ ወቅት ጠረጴዛችን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ክፍት ነው። ውሉን፣ የዕጣ ካርዱን ግልባጭ ካላችሁ እሱንም፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ የፈረማችሁ ሐሙስን አትጠብቁ፤ ማክሰኞ ኑ።